የአሮጌ መኪና የፊት መብራት ሲደክም፦ ከአምፖሉ በፊት ቴስተር

መኪናችሁ አሮጌ ከሆነና የፊት መብራቱ ከደከመ፣ ወይም አንዱ ነጭ ሆኖ ሌላው ቢጫ ከሆነ፣ መጀመሪያ ግዙ የምላችሁ አምፖል አይደለም። ቴስተር ነው፣ ቮልት መለኪያው። ቀላሉም ይበቃል።

እኔ ሁለት አምፖል ከቀየርኩ በኋላ ነው የነቃሁት። የግራው መብራት ያው እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አጭሩን መብራት ሳበራ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የረጅሙ ሰማያዊ ምልክት ፈዘዝ ብላ ትበራለች። ነገሩን የነገረችኝ እሷ ናት። ኤች4 በሚባለው የፊት መብራት አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፣ አንዱ ለአጭሩ አንዱ ለረጅሙ፤ ኔጌቲቩ ግን በብዙ መኪና የጋራ ነው። ኔጌቲቩ ቦዲው ላይ በደንብ ካልያዘ፣ በአጭሩ ክር የመጣው ከረንት መውጫ ሲያጣ በረጅሙ ክር ዞሮ ይሄዳል። የቦዲውን ብሎን ፈታሁት። ከሥሩ ዝገት ጋግሯል፣ የሽቦው ጫፍም አረንጓዴ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈትጌ፣ አጥብቄ አስሬ፣ ከላይ ግሪስ ቀባሁበት። ያው የቢጫው አምፖል ነጭ ሆኖ በራ!

የሙከራ አምፖል ይሻላል ወይስ ቴስተር ለምትሉ፦ ፊውዙ ጋ ኃይል ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ለማየት የሙከራ አምፖል ፈጣን ነው። መንገድ ላይ ስንት ቮልት እንደጠፋ ግን አይነግራችሁም። ቴስተር ይነግራል፣ በትክክል ከለካችሁ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ከለካችሁ፣ ተበልቶ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም 12 ቮልት ያሳያችኋል። ስለዚህ አምፖሉ ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቶ ነው የሚለካው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ጀርባ ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ አድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ማብሪያው፣ ሶኬቱ ወይም ሽቦው እየበላባችሁ ነው። በኔጌቲቩም በኩል እንደዚሁ ለኩ፤ እዚያ ከ0.2 ካለፈ ሽቦው ቦዲው ላይ የታሰረበት ቦታ ይጽዳ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ የሃሎጅን ብርሃን 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪሺያን ስትመርጡ፣ መብራቱን አብርቶ መጀመሪያ የሚለካውን ያዙ። ገና ኮፈኑ ሲከፈት ሽቦ መቁረጥ የሚጀምረውን ተዉት። ሽቦ በምን እንደሚቀጥል ጠይቁት። ጠምዝዞ በፕላስተር የሚጠቀልል ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ትመለሱበታላችሁ።

ከዕቃ ከልቤ የምጠቁመው ባለ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የሽቦ ስብስብ ነው። በብዙ አሮጌ መኪና የመብራቱ ከረንት በሙሉ በማብሪያው ውስጥ ያልፋል፣ ማብሪያው የሚግለውም ለዚህ ነው። ሪሌ ስታስገቡ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል፤ አምፖሉ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ ፊውዝ ይበላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የሚያበሩት በኔጌቲቩ በኩል ስለሆነ፣ ለዚያ የተሠራውን ስብስብ ጠይቃችሁ ግዙ።

100 ዋት አምፖል አልመክርም። መደበኛው ኤች4 60/55 ዋት ነው፣ አሮጌው ሽቦም የተሰላው ለሱ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ኤልኢዲም ለሃሎጅን በተሠራ መስታወት ውስጥ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። እኔ ጥሩ መደበኛ ሃሎጅን ከሪሌ ጋር እመርጣለሁ። ስትገጥሙት የአምፖሉን መስታወት በጣት አትንኩት።

ችግራችሁ መደብዘዝ ሳይሆን አምፖል ቶሎ ቶሎ መቃጠል ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። 14 ተኩል አካባቢ ድረስ ደህና ነው። ከ15 ካለፈ መብራቱን ተዉትና የዲናሞውን ሬጉሌተር አስፈትሹ።