በኪያንቲ የወይን ኮረብቶች ለአንድ ቀን የቡድን ብስክሌት ጉዞ፤ ከጅማ ለሚሄድ ሰው ምን ትመክራላችሁ?

ጥያቄ፦ «የመልኮ መንገደኛ»፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። በመስከረም አጋማሽ ለአጭር ሥልጠና በጣሊያን ቱስካና ክልል ወዳለችው ፍሎረንስ እሄዳለሁ። አስተናጋጆቼ በዕረፍት ቀናቸው፣ በፍሎረንስና በሲዬና መካከል በሚገኘው የኪያንቲ ወይን አምራች አካባቢ በቡድን ብስክሌት ሲጋልቡ ለመዋል አስበው እኔንም ጋብዘውኛል። የመረጡት መንገድ ከግሬቬ ተነሥቶ ፓንዛኖን፣ ካስቴሊናንና ራዳን ዞሮ ወደ ግሬቬ የሚመለስ ሲሆን፣ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛም እሑድ ጠዋት ከጅማ ተነሥተን የቡ ደርሰን የምንመለስ፣ አንዳንዴም እስከ አጋሮ የምንዘልቅ ስለሆነ ርቀቱ ብቻውን አያስፈራኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሙስሊም እንደ መሆኔ አልኮል አልቀምስም፤ ቀኑ ከአንዱ የወይን ጠጅ ጓዳ ወደ ሌላው በመዞር የሚያልፍ ከሆነ ለጋባዦቼ እንቅፋት፣ ለራሴም ቆሞ ተመልካች እንዳልሆን ሰግቻለሁ። ከዚህ ሌላ፣ በቡና አገራችን ተመሳሳይ የአንድ ቀን ጉዞ ስለማሰናዳት ከጓደኞቼ ጋር ስንመክር ቆይተናልና፣ እግረ መንገዴን ምን ብመለከት ይጠቅመናል?

መልስ፦ «ቱስካና የከረመች»

ወንድሜ፣ መጠጡ አያስጨንቅዎት። በእነዚያ ጓዳዎች ቀምሶ ለዚሁ በተዘጋጀ ዕቃ ውስጥ መትፋት ራሱ የታወቀ ሥርዓት ስለሆነ፣ ማን ምን ያህል እንደ ጠጣ የሚከታተል ሰው የለም። ብዙዎቹ እርሻዎች የወይራ ዘይትም ስለሚያመርቱ፣ ሌሎቹ ወይን ጠጁን ሲቀምሱ እርስዎ ዘይቱን በዳቦ እያጠቀሱ ማጣጣም ይችላሉ (የቱስካና ዳቦ ሆን ተብሎ ያለ ጨው የሚጋገር ነውና፣ ጋጋሪው የረሳው እንዳይመስልዎ)። አስቀድመው መናገር ያለብዎ ይልቅ ስለ ምሳው ነው፤ በጋራ የሚቀርበው የምግብ ገበታ አብዛኛውን ጊዜ በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይኖርበታል። ከሁለት ቀን በፊት ካሳወቁ ግን የበግ ወተት አይብ፣ በቲማቲም የተሠራ ፓስታ ወይም ነጭ ቦሎቄ ያለ ችግር ያዘጋጁልዎታል።

እንዲያውም ሊጠነቀቁ የሚገባቸው የሚጠጡት ናቸው። በጣሊያን ሕግ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል ይዞ መንዳት የተከለከለ ሲሆን፣ ክልከላው ብስክሌት ነጂንም ይመለከታል። ስለዚህ አስተዋይ ቡድን ቅምሻውን ወደ ቀኑ መጨረሻ ያደርገዋል፤ ከምሳ በፊት ሁለት ጓዳ የሚያስጎበኝ መርሐ ግብር ካዩ፣ በትህትና እንዲቀየር ቢጠይቁ ነውር የለበትም።

ስለ ዳገቱ ግን አላባብልዎትም። ግሬቬ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ያለችው ፓንዛኖ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ መንገዱ ከወጡት ከፍታ ብዙውን አስረክቦ ወደ ፔሳ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና፣ 580 ሜትር ገደማ ወዳላት ወደ ካስቴሊና እንደገና ያስወጣል። በጅማ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ለለመደ ሳንባ አየሩ ገር ነው፤ ጭንዎን ግን ቁልቁለትና ዳገቱ መፈራረቁ ያደክመዋል። ከቡድኑ መካከል አቅሙ የሚያንስ ሰው ካለ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ይከራይ፤ እገዛው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቋረጥ ስለሆነ ከሌሎቹ ተለይቶ አይሸሽም።

ዋናው አውራ ጎዳና፣ 222 ቁጥር ያለው፣ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በዕረፍት ቀን ሞተር ብስክሌት ይበዛበታል። ከከተማ ውጭ ጎን ለጎን መጋለብ ስለማይፈቀድ በአንድ ረድፍ ትሄዳላችሁ፤ ቡድኑ ትልቅ ከሆነም መኪና መሃል ገብቶ እንዲያልፍ በአነስተኛ ክፍሎች መከፈሉ ይሻላል።

መልስ፦ «ጥርስና ሰንሰለት»፣ ጅማ

አጭር የሙያ ምክር ልጨምር። ብስክሌቱን ስትረከብ ከቀለሙ በፊት ፍሬኑን እይ፤ ከፊት፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት፣ ለዳገት የሚረዳ ትንሽ ጥርስ ያለው መሆኑን አረጋግጥ፤ የኮርቻውን ከፍታ እዚያው አስተካክለህ ትንሽ ነድተህ ሞክረው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ይዞ መውረድ ጎማውንና ፍሬኑን ያግላል፤ ከመታጠፊያው በፊት ያዝ፣ መታጠፍ ስትጀምር ልቀቅ። እዚያ እንደ እኛ ከተማ በየጥጉ ጎሚስታ ስለማይገኝ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ከቡድኑ ጋር ይኑር።

መልስ፦ «ጀንፈል»፣ አጋሮ

ሁለተኛው ጥያቄህ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የኪያንቲን ኮረብቶች ለጎብኚ ያስከበሩት መልካቸው ብቻ አይመስለኝም። የቱስካናው መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1716 «ኪያንቲ» በሚል ስም የሚሸጥ ወይን ጠጅ ከየትኞቹ መሬቶች መምጣት እንዳለበት በአዋጅ ወሰነ፤ በ1924 ደግሞ አምራቾቹ ራዳ ላይ ተሰብስበው ጥቁር አውራ ዶሮ ምልክቱ የሆነውን ማኅበራቸውን መሠረቱ። ዛሬ ወይን ጠጁ ኪያንቲ ክላሲኮ (የጥንቱ የኪያንቲ አካባቢ ወይን ጠጅ ሕጋዊ ስም) ለመባል ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከተባለው የወይን ዝርያ መሆን አለበት። ጎብኚው በብስክሌት የሚያልፈው እንግዲህ ስሙ፣ ወሰኑና ባለቤቱ በታወቀ መሬት ውስጥ ነው። የእኛ ቡና ግን እሸቱ ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ ጠጪው እምብዛም አይነገረውም፤ ጉዞው ይህን ክፍተት በጥቂቱም ቢሆን ሊሞላ የሚችል ይመስለኛል።

ጥርጊያ መንገዶቹንም ልብ በል። በኪያንቲዋ ጋዮሌ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአሮጌ የውድድር ብስክሌቶች የሚደረገው «ኤሮይካ» የተባለ ጉዞ የተጀመረው ነጫጭ የጠጠር መንገዶቹ አስፋልት እንዳይበላቸው በማሰብ ጭምር ነው። እኛ ጋ የቀበሌ መንገድ የሚታየው እንደ ጉድለት ብቻ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዝናቡ ቆሞ ቀዩ አፈር ሲደርቅ፣ በቡና ጥላ ሥር የሚያልፍ መንገድ ከአስፋልቱ ይመረጣል። በክረምት አትሞክሩት፤ ጭቃው ጎማ ይይዛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወሩ የለቀማ ወር ነው። ገበሬው እሸት እየለቀመ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ እያገላበጠ ሳለ ሃያ ብስክሌተኛ ግቢው ቢገባበት ሥራ ያስፈታል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ለቡናው ማፍላትና ለምሳው ተገቢውን ክፈሉ፤ እንግዳ ተቀባይነቱን እንደ ነጻ አገልግሎት አትቁጠሩት። ጣሊያኖቹም እርሻ ላይ እንግዳ ተቀብሎ ማስከፈልን እ.ኤ.አ. በ1985 በሕግ ሥርዓት አስይዘውታል።

ጠያቂው፦ «የመልኮ መንገደኛ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ምሳው ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ጀንፈል፣ ስመለስ በየቡ በኩል ያለውን የቀበሌ መንገድ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል፤ ከስድስት ሰው በላይ አንሆንም። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ብስክሌቱን ከፍሎረንስ ተከራይቼ ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያው?

መልስ፦ «ቱስካና የከረመች»

እዚያው ግሬቬ ላይ ይከራዩ። ባቡር ወደ ግሬቬ ስለማይደርስ ከፍሎረንስ የሚወስድዎ አውቶቡስ ነው፤ ከከተማው ጀምሮ ልጋልብ ካሉ ደግሞ ዋናው ዙር ሳይጀመር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርብዎታል።