ከጅማ ወደ ባየርን (ጀርመን) ገጠር፦ ለልጆቹ ትምህርትና ለመንደሩ ኑሮ ምን ይዘን እንሂድ?

አዌቱ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ ሙኒክ ለዶክትሬት ምርምር ስለሚሄድ ሐምሌ ላይ ሁላችንም አብረን እንወጣለን። የከተማው ኪራይ ስለከበደን ቤት የያዝነው በባቡር 50 ደቂቃ የሚርቅ የገጠር መንደር ነው። ትልቁ ልጅ ሚያዝያ 2008 የተወለደ፣ አሁን 4ኛ ክፍል ነው። ትንሿ ነሐሴ ላይ 6 ዓመት ይሞላታል። ኦሮምኛና አማርኛ እንጂ ጀርመንኛ አያውቁም። ከጅማ ሳንነሳ ማለቅ ያለበት ምንድን ነው? እዚያስ ምን ይጠብቀናል?

ሂርማታ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የክትባት ካርዱን አውጪና እዪው። በጀርመን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ተማሪ ሁሉ ሁለት የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን በጽሑፍ ማሳየት አለበት። እኛ አገር ሁለተኛው ዙር በመደበኛነት የገባው በእኛ አቆጣጠር በ2011 ስለሆነ የትንሿ ካርድ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፣ የትልቁ ላይ ግን የ9 ወሩ ብቻ ነው የሚኖረው። በዘመቻ የተከተበው ካርዱ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። ጤና ጣቢያ ካልሰጡት እዚያ የሕፃናት ሐኪም ይሰጠዋል፣ ወጪውም በጤና መድኑ ይሸፈናል። ክትባቱ ጎደለ ተብሎ ከትምህርት ገበታ አይባረርም፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚቆዩበት ማዋያ ግን ያለ ማስረጃ አይቀበለውም።

ቀኑንም ተጠንቀቂ። ካርዱ ላይ «ጥር 2009» ተብሎ የተጻፈውን ጀርመናዊ ሲያነበው፣ በፓስፖርቱ 2016 የተወለደ ልጅ ከመወለዱ 7 ዓመት በፊት ተከተበ ማለት ይሆንበታል። ጤና ጣቢያው በፈረንጅ ቀን አስተካክሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍልሽ፣ ማህተም ይምታበት።

ሌላው የስም ነገር ነው። የአንቺ፣ የባለቤትሽና የልጆቹ የመጨረሻ ስም አንድ ስላልሆነ በየቢሮው «የማን ልጆች ናቸው?» መባሉ አይቀርም። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶቹን በእንግሊዝኛ አውጪ፤ ስሞቹ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያዩ።

ጂረን፦
ስለ ትምህርቱ ልጨምር። ባየርን ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ልጆቹ በውጤት ወደ ሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ይከፈላሉ፣ የሚወስነውም ሜይ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው የ4ኛ ክፍል ውጤት ነው። ነጥቡ የእኛ ግልባጭ ነው፤ 1 ከሁሉ የበለጠ፣ 6 የወደቀ። ለዩኒቨርሲቲ ወደሚያዘጋጀው ጊምናዝየም ለመግባት በጀርመንኛ፣ በሒሳብና በአካባቢ ትምህርት አማካዩ ከ2.33 መብለጥ የለበትም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እዚያ ያልተማረ ልጅ ግን ድክመቱ የቋንቋ ብቻ ከሆነና ሊሻሻል የሚችል ከመሰለ እስከ 3.33 ሊታይለት ይችላል። ይህን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ወላጅ ሳያውቀው ያልፈዋል።

ስለዚህ «4ኛን ጨርሷል» ብላችሁ ወደ 5ኛ አትቸኩሉ። ቋንቋ ሳይዝ 5ኛ የገባ ልጅ ከሦስቱ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው በሚገቡበት በሚትልሹለ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። 4ኛን እዚያ እንዲደግም ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፤ ለእኔ አንድ ዓመት ማጣቱ ይሻላል።

ትንሿ ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ባለው ጊዜ ውስጥ 6 ዓመት ስለሚሞላት ዘንድሮ ትግባ ወይስ ትቆይ የሚለው የእናንተ ውሳኔ ነው። ማሳወቂያው ግን ኤፕሪል 10 ያበቃል፤ አድራሻችሁ ከታወቀ ከጅማ ሆናችሁ አሁኑኑ ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል ጻፉ። ትምህርት የሚከፈተው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ አዲስ ልጅ ጣፋጭና እርሳስ የሞላበት ትልቅ ሾጣጣ የወረቀት መያዣ ታቅፎ ይመጣል። የሚያዘጋጀው ወላጅ እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ማንም ስለማይነግራችሁ ልጅቷ ባዶ እጇን እንዳትቆም። ክፍል ውስጥ የሚደረግ ነጠላ ጫማና የምሳ ዕቃም ያስፈልጋታል።

ቆጪ፦
በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ግድ ነው። ያለ ምዝገባ የባንክ ሒሳቡም ትምህርት ቤቱም ይጓተታል። የቤት መያዣ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። በ2026 ለአንድ ልጅ በወር 259 ዩሮ የልጅ ድጎማ አለ፤ የሚገኘው ግን እንደ መኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ነው፣ በተማሪ ፈቃድና በተመራማሪ ፈቃድ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ባለቤትሽ የሥራ ውል ካለው በተመራማሪነት ያመልክት።

መንደሩ ውስጥ ለምታገኙት ሰው ሁሉ «ግሩስ ጎት» (የአካባቢው ሰላምታ ነው) ማለት ልመዱ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ የሣር ማጨጃ ማስነሳትም ጠርሙስ መጣያው ውስጥ መወርወርም ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነው።

አዌቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ኤፕሪል 10ን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ቡናና እንጀራስ? ንጥር ቅቤና ቋንጣ ብንይዝ?

ቆጪ፦
ቅቤና ቋንጣ ተይ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ስለማይፈቀድ አውሮፕላን ማረፊያ ይወሰድብሻል። ቅቤውን እዚያው ገዝተሽ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሪው። በርበሬና የጤፍ ዱቄት ያዢ። ሊጡ በክረምት ቶሎ አይቦካም፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጪው።

ቡናው ሲቆላ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል። መኝታ ቤቶቹና ኮሪደሩ ላይ በሕግ የተገጠመ ነው፤ እንዳትነቅይው። የወጥ ቤቱን በር ዝጊ፣ መስኮቱን ወለል አድርጊ፣ ዕጣኑንም እዚያው አጭሺ። እንጀራ ከጋገርሽ በኋላም ቢበርድም መስኮቱን ለ10 ደቂቃ ክፈቺ፤ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ካበቀለ አከራዩ ከመያዣው ላይ ሊቆርጥባችሁ ይችላል።