በየምርጫው መውጣት ግዴታ ነው? ወይስ መቅረትም መልስ ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም የሰፈር ልጆች። ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ጀምረን ያልጨረስነውን ክርክር እዚህ ላምጣው። ጥያቄው አጭር ነው። ሰው በየምርጫው ወጥቶ ድምፅ መስጠት አለበት? ወይስ የሚመርጠው ሲያጣ ቤቱ ቢቀር አይፈረድበትም?

እኔ መውጣት አለበት ባይ ነኝ። ደስ ሲለን ብቻ ሳይሆን ሁሌም።

በ2013 እዚሁ አራት ኪሎ ምርጫ አስፈጻሚ ነበርኩ። ሰኔ 14፣ ሰኞ ቀን። ጠዋት 12 ሰዓት ጣቢያውን ስንከፍት ወረፋው አጥሩን ይዞ ታጥፏል። ክረምት ስለሆነ ብዙው ሰው ጃንጥላ ይዞ ነው የመጣው። አንዲት እናት እግራቸው አብጦ በነጠላ ጫማ መጡ። "ይቅደሙ" ብንላቸው "ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ወንበር ብቻ ስጡኝ" አሉ። ተራቸው ሲደርስ ሁለት ወረቀት ሰጠናቸው። አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። መጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ቀለም የነካ ጣታቸውን ከነጠላቸው አርቀው ይዘው ነበር። ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል የተባለው እስከ 3 ሰዓት ተራዘመ። ሌሊቱን ቆጥረን ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፍን።

መዝገባችን ላይ ያልተፈረመበት መስመር ጥቂት ነበር። እንደ አገርም ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ከ90 በመቶ በላዩ ድምፅ ሰጥቷል ተብሏል። ጥሩ። ግን ቤቴ ገብቼ የግቢያችንን ሰው ቆጠርኩ። ዕድሜው የደረሰ አስራ አንድ ሰው አለ። ካርድ ያወጣነው አራት ነን። ሰባቱ ከመረጡትም፣ ካልመረጡትም ውስጥ የሉም። ጭራሽ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እኔንም ከሰባቱ ጋር ቁጠሪኝ። ስለዚህ መልሱን እኔ ልስጥሽ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ሌሊት 10 ሰዓት ነው የተሰለፍኩት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት የፓርቲዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን ለማየት ጎረቤት ቤት እንተፋፈግ ነበር። ሚያዝያ 30 ደግሞ መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር ጠራርጎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበርም 137ቱን አሸነፈ። መረጥን። በደንብ መረጥን።

ከዚያስ? በውጤቱ ሰበብ ተቃውሞ ተነስቶ በሰኔ እና በጥቅምት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። የመረጥነው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። ከዚያ ወዲህ ካርድ አላወጣሁም። ከስንፍና አትቁጠሩብኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መቅረቴ መልሴ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
ወንድሜ፣ ያ ቁስል የሁላችንም ነው። እሱ ላይ አልከራከርህም። ግን መልስህን ማን አነበበው? ወረቀቱን ባዶ ብታስገባ እንኳ ዋጋ አልባ ድምፅ ተብሎ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል። እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ። ቤትህ ስትቀር ግን ተቆጥተህ ይሁን ተኝተህ የሚያውቅልህ የለም።

የስድስት ኪሎው መምህር፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 ተቃዋሚ 137 ወንበር የወሰደበት ያው ምክር ቤት በ2000 እንደገና ተመረጠ። ገዥው ፓርቲ ኢህአዴግ ከአንድ ወንበር በስተቀር ሁሉንም ወሰደው። ሦስት ዓመት ብቻ ነው በመካከሉ ያለው። የአዲስ አበባ ሰው በሦስት ዓመት ልቡ እንዲህ ተገለበጠ? እኔ አላምንም። ቅንጅት ተበታትኖ ነበር። ሌሎች ተቃዋሚዎችም ከውድድሩ ወጡ። በእኛ ሰፈር ጣቢያ ወረፋ የሚባል አላየሁም። በ1997 ሌሊት የተሰለፈው ሰው ነው የቀረው። ወንበሩ ግን ባዶ አልቀረም። እኛ ስንቀር ሌላው ተቀመጠበት።

የካዛንቺስ ልጅ፦
መምህር፣ ተወዳዳሪ ከሌለ ለማን ብዬ ልሰለፍ? የኢህአዴግ ንብ ላይ ምልክት ላድርግ? ራስህ እኮ ተቃዋሚዎቹ ወጡ አልክ። መጀመሪያ የቀረው ውድድሩ ነው፤ ሰዉ ቀጥሎ ነው የቀረው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥብኝ።

የስድስት ኪሎው መምህር፦
ልክ ነህ፣ ያንን እቀበላለሁ። ግን 2002ን እየው። በዚያ ምርጫ ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ከተቃዋሚ ፓርቲ ፓርላማ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ለብቻው እጁን እያወጣ ጠየቀ። ያንን ሰው ያስገባው ተስፋ ቆርጦ ያልቀረው መራጭ ነው። በ2007 እሱም ጠፋ፤ 547ቱም የአንድ ወገን ሆነ።

ባለ ታክሲው፦
እኔ እንደናንተ ታሪክ አላውቅም። የራሴን ልናገር። በ2013 ካርድ አውጥቻለሁ። ሰኞ ሆነና ለመኪናው ባለቤት ገቢ ማስገባት አለብኝ። ሰልፉን አየሁት፣ ረጅም ነው። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ሲመሽ ደክሞኝ ቀረሁ። እስከ 3 ሰዓት መራዘሙን በማግስቱ ነው የሰማሁት። እስካሁን ይቆጨኛል። ለምን በሕግ ግዴታ አይደረግም? ግዴታ ቢሆን የመኪናው ባለቤትም ይለቀኝ ነበር።

የስድስት ኪሎው መምህር፦
ያደረጉት አገሮች አሉ። አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 1924 ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት በ1922 የመረጠው 60 በመቶ እንኳ አልሞላም። በ1925 ግን ከ90 በመቶ አለፈ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 20 የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል። ግን አንድ ነገር እወቅ። ምርጫቸው ቅዳሜ ነው። ቀኑ ያልተመቸው ሰው አስቀድሞ መምረጥ ይችላል፣ በፖስታም ይልካል። ግዴታ ያሉት መንገዱን ካቀለሉ ጋር ነው። የእኛ ሕግ ግን መብት ነው የሚለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ታገኘዋለህ።

የሠራተኛ ሰፈሩ አባት፦
ልጆቼ፣ ግዴታ የሚለውን ቃል ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በግዴታ መርጫለሁ።

1979 ነው፤ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ። ፓርቲው አንድ ነው፤ የደርጉ ኢሠፓ። ያን ጊዜ ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ከቀበሌ ጋር መኳረፍ የሚደፍር የለም። በጠዋት በር ተንኳኳ። "ጋሼ፣ አልወጡም እንዴ?" አለኝ አንድ የማውቀው ልጅ። በትሕትና ነው ያለኝ። እኔ ግን ስሜ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ገባኝ። ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። የቀረ ሰው አላየሁም።

ለማን እንደመረጥኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። እውነቴን ነው። የግንቦት 7ን ግን ከፊቴ ማን እንደቆመ፣ ከኋላዬ ማን እንደነበረ፣ የትኛው ምሰሶ ሥር እንደቆምኩ አሳያችኋለሁ። እና ሰው ስለወጣ ብቻ መረጠ አትበሉ። እኔ በየምርጫው እወጣለሁ፣ አሁንም። ግን ማንም በሬን አንኳኩቶ እንዲያወጣኝ አልፈልግም።

ባለ ታክሲው፦
ጋሼ፣ እድርም እኮ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። እርስዎም ይከፍላሉ። ማንም ተገደድኩ አይልም።

የሠራተኛ ሰፈሩ አባት፦
ልክ ብለሃል፤ ይቀጣል። ግን የእድሩ ሰብሳቢ ሒሳቡን ፊት ለፊቴ ያነብልኛል። ድንኳኑ ከተቀደደ እጠይቀዋለሁ። ካልሠራ በዓመቱ አወርደዋለሁ። ለቅጣቱ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። ሰው የሚመጣው የራሱ ስለሆነ ነው።

የፒያሳዋ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። እናንተ የምትከራከሩት መውጣት ይሻላል መቅረት ነው። እኔ ሁለቱንም አልመረጥኩም።

ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ፈረሰ። እኛ ደባል ነበርን። መጀመሪያ አክስቴ ቤት ሽሮ ሜዳ ገባን። ከዚያ አንድ ክፍል ተከራየን። አከራዩ ዋጋ ሲጨምር ሌላ ቦታ ሄድን። አሁን ያለነው ሦስተኛው ቤት ነው። ሕጉ ደግሞ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር አለብሽ ይላል። እኔ ስድስት ወር አንድ ቦታ የረጋሁት መቼ ነው?

መታወቂያዬ አሁንም የድሮው ነው። ለማዛወር መሸኛ ያስፈልጋል። የድሮው ወረዳ ሄድኩ፤ ፋይልሽ ተዛውሯል አሉኝ። አዲሱ ወረዳ ሄድኩ፤ መሸኛ አምጪ አሉኝ። አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስሄድ መስኮቱ ዝግ ነበር። እናቴ ከ1987 ጀምሮ አንድም ምርጫ አልቀረችም። ካርዶቿን እንደ ፎቶ በፕላስቲክ ከረጢት ነው የምታስቀምጠው። ዘንድሮ ቢሆን እሷም አትችልም። ስንፍና ነው ትሉን ይሆን?

የአራት ኪሎዋ፦
እህቴ፣ ልክ ልቤን ነው የነካሽው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሰባቱን ሰዎች ሳስብ "አልፈለጉም" ብዬ ነበር የደመደምኩት። ጠይቄያቸው አላውቅም። ሁለቱ ተከራዮች ናቸው። አንዷ የቤት ሠራተኛ ናት፤ የአዲስ አበባ መታወቂያ የላትም። አሁን ነው የታየኝ። ሰው መውጣት አለበት የሚለውን አልተውም። ግን በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አልነበረም።

የስድስት ኪሎው መምህር፦
መሸኛውን የከለከለሽ ሰው ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ አስቢ። ለወረዳው ነው። ወረዳው ደግሞ ምክር ቤት ሊኖረው፣ ምክር ቤቱም በእኛ ሊመረጥ ይገባል። ሚያዝያ 2005 ተመርጧል። በ2010 መመረጥ ነበረበት፤ ተላለፈ። የከተማው ምክር ቤት በ2013 ሲመረጥ የወረዳው አብሮ አልተመረጠም። በ2005 አስራ ስምንት ያልሞላው ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጅ አስተምሯል። ለወረዳው አንድም ቀን ድምፅ አልሰጠም።

እኔ ከሁሉም በላይ የማዝነው በዚህ ነው። ሰው በየጊዜው መምረጥን የሚለምደው በትንሹ ነው። ቧንቧው፣ የጎርፍ ቱቦው፣ መሸኛው። የመረጥከውን ሰው መንገድ ላይ አግኝተህ "ያ ነገር የት ደረሰ?" ትለዋለህ። ያለው ትልቁ ምርጫ ብቻ ሲሆን በአምስት ዓመት አንዴ ሠርግ ይሆናል። ከሠርጉ ማግስት ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ይሄ ነገር ትንሽ አንገራገጨኝ። የምሬን ነው የምናገረው። እኛ ግቢ ፍሳሽ ፈንድቶ አንድ ክረምት ሙሉ ስንመላለስ ማንን እንደምወቅስ አላወቅሁም ነበር።

የአራት ኪሎዋ፦
የወረዳ ምርጫ ቢጠራ ካርድ ታወጣለህ?

የካዛንቺስ ልጅ፦
የማውቀው ሰው ከተወዳደረ፣ ሲያሸንፍም ወንበሩን ከሰጡት፣ አወጣለሁ። ለፓርላማው ግን ቃል አልገባም። 1997ን ልርሳ ብልም አልችልም።

የሠራተኛ ሰፈሩ አባት፦
አትርሳ ልጄ። ማን እርሳ አለህ? እኔም አልረሳሁም። ሳልረሳ ነው የምሰለፈው።

የፒያሳዋ፦
ሐሙስ ጠዋት እንደገና ወደ ድሮው ወረዳ እሄዳለሁ። ፋይሉ ካልተገኘ በነባር ነዋሪነት የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች አምጪ ብለውኛል። ከእናንተ ማን ይመጣልኛል?

የአራት ኪሎዋ፦
እኔ አለሁ። ስንት ሰዓት?

የፒያሳዋ፦
2 ሰዓት ተኩል። ወረፋው ሳይበዛ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እኔም እመጣለሁ። እናትሽን እኮ ከልጅነቴ ነው የማውቃቸው።

የሠራተኛ ሰፈሩ አባት፦
ሦስተኛው እኔ ነኝ። አይድከሙ እንዳትይኝ። ሠራተኛ ሰፈር ከመግባቴ በፊት ከእናትሽ ጋር አንድ አጥር ነበር የሚለየን። የቤት ቁጥራችን ተከታታይ ነው፤ የድሮው መታወቂያዬ ላይ አለ። ይዤው እመጣለሁ።