የቀበሌ ስብሰባ በጸሎት ይከፈት? የጅማ ልጆች ክርክር

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከነከነኝና ይዤላችሁ መጣሁ። በቀደም ስለ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የሰፈር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። መድረክ መሪው ተነስቶ አንድ የሃይማኖት አባት ጸሎት እንዲያደርጉ ጋበዘ። አንድ ብቻ። ሁላችንም ቆምን። ከጎኔ ያሉት እናት ግን የሌላ እምነት ተከታይ ናቸው። አሜን ይበሉ፣ ዝም ይበሉ፣ ግራ ገብቷቸው አቀርቅረው ቀሩ። እኔ ለእሳቸው አፈርኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይላል። ቀበሌ መንግሥት አይደለም እንዴ? ምን ትላላችሁ?

መርካቶ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ያህል አታክብደው። እዚህ አገር ሽማግሌ ሳይመርቅ ቡና እንኳ አይነሳም። ጅማ ደግሞ አዛንና ቅዳሴ እየሰማን ያደግንባት ከተማ ናት። ጸሎት ማንን ጎዳ? እሳት ሲነሳ እኮ አስተዳደሩ መጀመሪያ ሮጦ የሚጠራው የሃይማኖት አባቶችን ነው። በ2003 እዚሁ ጅማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ያየነውን አንርሳ። በችግር ቀን የምትፈልጋቸውን ሰዎች በደህናው ቀን ከመድረክ ውረዱ ማለት ነውር ነው።

የጊንጆ ልጅ፦
አንተ የምትለው ሽምግልና ነው፣ እሱን የሚጠላ የለም። ጥያቄው መንግሥት በጠራው ስብሰባ የማን ጸሎት ይጸለይ የሚለው ነው። ሠርግህን አስብ። ለሙስሊም ጎረቤትህ ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ ይቀርባል። ማንም አስተምሮህ አይደለም፣ «ሁላችንም አንድ ነን፣ ከአንድ ድስት ብሉ» ብትል እንግዳህ ሳይበላ እንደሚሄድ ስለምታውቅ ነው። ድሃ ሳይቀር በሠርጉ የሚያስበውን ቀበሌ በአዳራሹ እንዴት አያስብም?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 መጀመሪያ የመጅሊስ፣ የሙስሊሞች ምክር ቤት ማለት ነው፣ ምርጫ የተካሄደው በቀበሌ ነበር። ብዙ ሙስሊም በመስጊዳችን ይሁን ብሎ ጮኋል፣ የሰማ የለም። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ግን «ለመብራት የምሄድበት ቢሮ ለዲኔ ምን አገባው» ሲል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አንቀጽ 11 እኮ ሁለት አፍ አለው። ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ አይግባ ከማለቱ በፊት መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ቀበሌው ዛሬ ለጸሎት ከጋበዘህ ነገ ማን እንደሚጸልይ ይመርጥልሃል።

የሂርማታ ሽማግሌ፦
ልጆቼ፣ የቆየውን ላስታውሳችሁ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ላይ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በመንግሥትም ትደገፋለች ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አብረውኝ የተማሩት ሙስሊሞች ግን በዒድ ቀን ትምህርት ቤት ይመጡ ነበር፣ በዓላቸው በሕግ በዓል አልነበረማ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ለሰልፍ ያስወጣው ይሄ ነው። ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መለያየቱን አልቃወምም። የማልወደው ፈጣሪን ጭራሽ ከአዳራሹ ማስወጣቱን ነው። ደርግ ያን ሞክሮት አይተናል።

ዲሲ ያለሁ የጅማ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ እዚህም አሜሪካ ተነስቶ ነበር። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ግሪስ የምትባል ከተማ አለች። የከተማው ቦርድ በየወሩ ስብሰባውን በጸሎት ይከፍት ነበር፣ ጸሎቱም በአብዛኛው የክርስቲያን ነበር። አንዲት አይሁዳዊትና አንዲት አምላክ የለሽ ሴት ከሰሱ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በፈረንጆቹ 2014 ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ጸሎቱ ይቀጥል አሉ። የተቃወሙት አራቱ ያሉት ግን ከአዌቱ ልጅ ጋር ይመሳሰላል። ፓርላማ ሌላ ነው፣ እዚህ ግን ዜጋው ጉዳዩን ይዞ ራሱ ፊታቸው ይቆማል ነው ያሉት። እኔ ወደ አራቱ አደላለሁ። ቀበሌ የሚሄድ ሰው መታወቂያ ፈልጎ፣ ድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ ነው። ያን ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው አሜን ማለት አለማለቱን እያየው ቆሞ ምን ይሁን?

መርካቶ ነኝ፦
እሺ፣ ሦስቱም ይጋበዙ። ቄስ፣ ሼህ፣ ፓስተር። አለቀ።

የጊንጆ ልጅ፦
ካቶሊኩስ? ዋቄፈታውስ? ስብሰባው ሳይጀመር ሊመሽ ነው። ለእኔ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይበቃል። ሁሉም በልቡ የራሱን ይላል፣ ማንም አያቀረቅርም።

የሂርማታ ሽማግሌ፦
የኅሊና ጸሎት ለሰማዕታት ነው የሚደረገው ልጄ፣ በየስብሰባው ሐዘን የተቀመጥን ያስመስላል። ግን አስቤበት ልመለስ። ከአንድ ሰው ጸሎት ይሻላል።

ኮቺ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ስለ ሁለት ደቂቃ ጸሎት ስትከራከሩ እኛን የሚያስለቅሰን ሌላ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ። ጉባኤያችን የአምልኮ ቦታ ጠይቆ ስንት ዓመት ሙሉ ተመላልሷል። ፋይሉ ጠፋ ይሉናል፣ ይገኛል፣ ኃላፊው ይቀየራል፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን። በኪራይ አዳራሽ ስንዘምር ጎረቤት ይከሰናል፣ ጎረቤትም እውነት አለው፣ ሞንታርቦው ከመኖሪያ ቤት ግድግዳ ጋር ነው። ከእኛ በኋላ የጠየቀ ሌላ ተቋም ግን አግኝቷል። ለምን እንዳገኘ የነገረን የለም። ሰው ደግሞ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል፣ «ኃላፊው የእነሱ ሰው ስለሆነ ነው» ይላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፣ ማወቅም አልችልም። የሚያመኝ እሱ ነው።

ፕላን ላይ የሠራሁ፦
ኮቺ ዋናውን ነገር ነካው። እኔ ሌላ ከተማ መሬት ላይ ሠርቻለሁ። የምንሠራበት የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነበር። በእሱ መሠረት መሬት በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጥ ነበር። ጨረታ ላይ ብዙ የሰጠ ያሸንፋል፣ ሁሉም ያየዋል። የእምነት ተቋማት የአምልኮ ቦታ ግን በምደባ ነበር፣ የሚወስነውም ካቢኔ ነበር። ቦታ በገንዘብ ብቻ ቢሆን ድሃ ምእመን የት ሊጸልይ ነው፣ ስለዚህ ምደባ መሆኑ ትክክል ነው። ግን ካቢኔ ማለት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም እሁድ ወይም ጁምዓ የሚሄዱበት አላቸው። ማን ጠየቀ፣ መቼ ጠየቀ፣ ለምን ተፈቀደ፣ ለምን ተከለከለ የሚለው ካልተለጠፈ በጣም ቅን የሆነው ባለሥልጣን እንኳ አይታመንም። በ1999ኙ ቆጠራ ጅማ ላይ ኦርቶዶክሱ ወደ 47 በመቶ፣ ሙስሊሙ ወደ 39፣ ፕሮቴስታንቱ ወደ 13 ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነ የለም። እንዲህ ባለች ከተማ ሁሉም ራሱን የተገፋ አድርጎ ለማየት ቅርብ ነው።

መርካቶ ነኝ፦
ይሄን እቀበላለሁ። በመድረክ ጸሎት ጉዳይ ግን አቋሜ ያው ነው፣ ምርቃት ይቅር አልልም።

የአዌቱ ልጅ፦
ይሁን፣ በእሱ ሳንስማማ እንቆይ። እኔ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። በጸሎቱ ጀመርኩ፣ ከተማውና ሃይማኖት በትክክል የሚነካኩት ግን መሬት ቢሮ ነው። ጸሎቱ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ካርታው የልጅ ልጅ ዘመን ይሻገራል። ሼሁም ቄሱም ፓስተሩም ከመድረክ ወርደው መሬቱ በትውውቅ ከተሰጠ ምኑ ተለያየ? በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የአምልኮ ቦታ ጥያቄዎች ዝርዝር ከነቀናቸውና ከነውሳኔያቸው በሰሌዳ ይለጠፍልን። የማንንም እምነት አይነካም። ኮቺ፣ የእናንተን ማመልከቻ ኮፒ ይዘህ ትመጣለህ? ጋሼም ቢኖሩልን ደስ ይለኛል፣ የእርስዎን ቃል ይሰማሉ።

የሂርማታ ሽማግሌ፦
እመጣለሁ። ሐሙስ አታድርጉት እንጂ፣ ገበያ ነው፣ ሰው አይገኝም።

ኮቺ፦
ረቡዕ ከሰዓት ከሆነ እኔ አለሁ። ኮፒው አምስት ገጽ ነው፣ ሁሉንም ይዤ እመጣለሁ።