ተጠብሶ የሚሸጥ ዶሮ ወይስ ቤት የሚጠበስ፦ የትኛው ይረክሳል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ቤት ውስጥ አራት ነን። በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ተጠብሶ የሚሸጥ ሙሉ ዶሮ ከሱፐርማርኬት ይዤ እገባለሁ። ደክሞኝ ስለምመጣ ይገላግለኛል፣ ልጆቹም ይወዱታል። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የሁለቱን የኪሎ ዋጋ አይቶ «ጥሬውን ገዝተን ብንጠብሰው እኮ በግማሽ ነው» አለኝ። እውነቱን ይመስላል። ግን ኦቨኑ መብራት ይበላል፣ ዘይትና ቅመም አለ፣ ሥጋውም ሲበስል ይቀንሳል። በትክክል የማወዳድረው እንዴት ነው? አስልታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከሚዛን ወዳዱ

እህቴ፣ የጥሬውን ኪሎ ከተጠበሰው ኪሎ ጋር በቀጥታ አታወዳድሪ። ጥሬ ዶሮ ኦቨን ውስጥ ውሃና ስቡን ይለቃል፤ ከክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ አጥንቱ ይቀነሳል። እኔ ደጋግሜ መዝኜዋለሁ። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ሙሉ ዶሮ የሚበላ ሥጋ የማገኘው 450 ግራም ገደማ ነው። ተጠብሶ ከተገዛው ግን ከአንድ ኪሎ 620 ግራም ገደማ ይወጣል፤ የሚጠፋው ውሃ ከመሸጡ በፊት ጠፍቷልና።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የተጠበሰውን የኪሎ ዋጋ ለጥሬው የኪሎ ዋጋ አካፍዪ። 1.4 አካባቢ ከመጣ በሥጋ ደረጃ ዋጋቸው እኩል ነው። ከዚያ ካነሰ የተጠበሰውን ግዢ። ባለቤትሽ እንዳለው ልክ እጥፍ ቢሆን እንኳ ቤት ስትጠብሺ የሚተርፍሽ 30 ከመቶ ገደማ ነው እንጂ ግማሽ አይደለም። ያውም መብራቱ ሳይታሰብ።

አንድ ነገር ልጨምር። በፍሬ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው አያታልልሽ፤ ክብደቱን ከማሸጊያው ላይ እዪ። ካልተጻፈ ቤት ወስደሽ መዝኚው። ከረጢቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ግን አብረሽ እንዳትመዝኚ።

መልስ፣ ከሦስት ልጆች እናት

ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን አጥንቱን ረስተሃል ወንድሜ። እኔ አጥንቱን ጥዬ አላውቅም። ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር በቀስታ እሳት ሁለት ሦስት ሰዓት እቀቅለውና መረቁን ለሾርባ ወይም ለሩዝ አደርገዋለሁ። በእርግጥ የተገዛውም ዶሮ አጥንት አለው። ከቤቱ ግን ትሪው ላይ የሚቀረው ጭማቂና ስብ ይጨመርልኛል፤ እሱ ሱቁ ጋ ነው የሚቀረው።

ሌላው፣ ኦቨን ከለኮስሽ አንድ ዶሮ ብቻ አታስገቢ። ሁለት ጎን ለጎን አስቀምጪ። ጊዜው ትንሽ ይረዝማል እንጂ መብራቱ እጥፍ አይሆንም። አንዱን በዚያው ቀን ትበላላችሁ፣ የሌላውን ሥጋ ፈልቅቀሽ ፍሪዘር ውስጥ ታስገቢያለሽ። በኋላ ደክሞሽ የምትመጪበት ቀን እሱን ታወጫለሽ። ለእኔ ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፣ ከብቻዬን ነዋሪ

እኔ በተቃራኒው ነኝ። ለአንድ ሰው ኦቨን ማሞቅ አያዋጣም። የተጠበሰውን ገዝቼ ሦስት ቀን እበላዋለሁ። አንዳንድ ሱቆች ሰው ለመሳብ ብለው ዶሮውን በጣም ትንሽ ትርፍ ይሸጡታል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚጠብሱም ወጪያቸው ይቀንሳል። እንዲህ ዓይነት ሱቅ ካገኘሽ አትልፊው። ብቻ ለዶሮው ገብተሽ ሌላ አሥር ነገር ይዘሽ እንዳትወጪ። እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

መልስ፣ ከምግብ አብሳዩ

ብዙ ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለ ዋጋው ተነግሯል፣ ስለ ጨውና ስለ ጤና ልናገር።

ተጠብሶ የሚሸጠው ዶሮ ብዙ ጊዜ ከመጠበሱ በፊት ጨው ያለበት ውሃ በመርፌ ይገባበታል። ሥጋው እንዳይደርቅ ይረዳል፣ ክብደቱንም ይጨምራል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ የንጥረ ነገር ዝርዝሩን አንብቡ። ቤት ስትጠብሱ ጨዉ በእጃችሁ ነው።

ጥሬ ዶሮ በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ፍንጣቂው ባክቴሪያውን ወደ ዕቃውና ወደ ሰላጣው ይወስደዋል። ሙቀቱ ራሱ ይገድለዋል። መብሰሉን በቀለም አትፍረዱ። ቴርሞሜትሩን መላላጫው ወፍራም ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ አስገቡ፤ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የቀዘቀዘ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ለሁለት ኪሎ ዶሮ አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትናንት ነው የሚታሰበው።

የተገዛውም ሆነ ቤት የተሠራው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ሥጋውን ፈልቅቃችሁ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ተበላሽቶ ከተጣለ የቱም አልረከሰም።

ጠያቂዋ እንደገና

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የነገራችሁኝን ሁሉ ሞከርኩ።

የገዛሁት ዶሮ ፈሳሹ ሳይቆጠር 1 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር። ሥጋው ሲፈለቀቅ 680 ግራም ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ሁለት ጥሬ ዶሮ በአንድ ላይ ጠበስኩ። አንዱን ለብቻ መዘንኩት፤ ሲገባ 1 ኪሎ ከ900 ነበር፣ ሲወጣ 1 ኪሎ ከ350፣ ሥጋው 850 ግራም። ሚዛን ወዳዱ ያለው ማለት ይቻላል በግራም ደረሰልኝ። መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ሳስገባና ሳወጣ አነበብኩት። ለሁለቱ ዶሮ 2 ኪሎዋት ሰዓት አልሞላም፤ የፈራሁትን ያህል አይደለም። በእጄ የሠራሁበት ጊዜም ሃያ ደቂቃ አይሆንም፣ ሌላውን ኦቨኑ ነው የሠራው።

እኛ አካባቢ የተጠበሰው የኪሎ ዋጋ ከጥሬው 1.7 እጥፍ ነው። መብራቱና ቅመሙ ተደምሮ ቤት ስጠብስ የሚተርፈኝ 15 ከመቶ ገደማ ሆነ። ባለቤቴን ሒሳቡን አሳየሁትና «ግማሽ» ማለቱን ትቷል። እንግዲህ በወር ሁለት ቅዳሜ ሁለት ሁለት ዶሮ እጠብሳለሁ፣ ግማሹ ፍሪዘር ይገባል። ፍሪዘሩ ባዶ የሆነና እኔም የደከመኝ ቀን ግን ከሱፐርማርኬት እገዛለሁ። መረቁን ልጆቹ ከዶሮው በላይ ወደዱት።