የቪታራዬ ሸራ ጣራ ሻገተብኝ፣ ጅማ ዝናብ ላይ ምን ላድርገው?

ቦሳ_ቂጦ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ጅማ ነኝ። ከአባቴ የቀረችልኝ ባለ ሁለት በር የድሮ ሱዙኪ ቪታራ አለችኝ፣ የኋላዋ ጣራ ብረት ሳይሆን ጥቁር ሸራ ነው፣ የኋላ መስኮቷም ሚጠቀለል ላስቲክ ነው። አባቴ በህይወት እያለ ራሱ ነበር ሚያጥባት ለማንም አይሰጥም ነበር፣ እኔ ሰኔ ላይ ስራ በዝቶብኝ አንድ ላቫጆ ወሰድኳት ልጆቹ ጣራውን በኦሞ ፈትገው የማሽን ውሃውን ከቅርብ ለቀቁበት። የዛን ቀን አምሮ ነበር። ከዛ በኋላ ግን ድሮ ዝናቡ ጠብ ጠብ እያለ እየተንከባለለ ሚወርደው አሁን ሸራው ይጠጣዋል፣ ይሄው ነሐሴ ላይ በውስጥ በኩል አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ በሩን ስትከፍቱ የሻጋታ ሽታ ነው ሚቀበላችሁ፣ እናቴ አስም ስላለባት ቤተክርስቲያን እንኳን ላደርሳት አልቻልኩም። ማታ ማታ ዝናብ እንዳይነካው ብዬ በትልቅ ላስቲክ እሸፍነዋለሁ ግን ባሰበት። አንዱ በረኪና በለው አለኝ አንዱ ደግሞ ናፍጣ በጨርቅ ቀባው ጥቁረቱ ይመለሳል አለኝ። ባካችሁ ሚያውቅ ካለ፣ መኪናዋን ማበላሸት አልፈልግም የአባቴ ናት።

ጊንጆ_ሰፈር፦
ልጄ በመጀመሪያ አባትህን ነፍስ ይማር። በረኪናም ናፍጣም እንዳታስነካው። በረኪና ቀለሙን ያነጣዋል ብቻ ሳይሆን የስፌቱን ክር ይበላዋል፣ ሸራ ጣራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚያፈሰው ከጨርቁ ሳይሆን ከስፌቱ ነው። ናፍጣ ጎማ ነገር ሁሉ ያሳብጣል፣ ሽታው ለእናትህ ከሻጋታው አይሻልም፣ ቅባቱም አቧራ ይሰበስባል።
እኔ ሸራ ጣራ ያለው ጂፕ ብዙ አመት ነድቻለሁ፣ ምነግርህ ያደረኩትን ነው። አንተ ጋ ውሃ ይጠጣል ካልክ ጨርቅ ነው ማለት ነው፣ ቆዳ መሳዩ ፕላስቲክ ቢሆን ውሃ አይጠጣም ነበር፣ ለሱ ሚደረገው ሌላ ነው። ኦሞ ልብስ ላይ ጥሩ ነው፣ ጣራ ላይ ግን ሃይለኛ ነው ውሃ ሚመልሰውን ቅብ ይዞት ይወርዳል፣ ሳሙናው ደሞ ጨርቁ ውስጥ ከቀረ ውሃና ቆሻሻ ይስባል። የማሽኑ ውሃ ከቅርብ ሲመታው ክሩን ያላላል ጨርቁንም ፀጉር ያስወጣዋል። ስለዚ አሁን የደረሰብህ የሁለቱ ነው።
እንዲህ አርግ። ዝናብ በሌለበት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር፣ መጀመሪያ ደረቁን ሻጋታ ደጅ አውጥተህ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ እናትህ አጠገብ እንዳትሆን። ከዛ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል በኩል ቀላቅለህ ሻጋታው ላይ ርጨውና ግማሽ ሰአት ያህል ተወው፣ መጀመሪያ ግን ማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ የህፃን ሻምፑ በጥብጠህ በልብስ ብሩሽ፣ ማለቴ ጠጉሩ ለስላሳ በሆነው፣ ጨርቁ በተሸመነበት አቅጣጫ ቀስ ብለህ እሸው፣ ክብ ክብ እያደረክ አትፈትገው። አጥቦ መጨረስ ቀላል ነው፣ ሰው ሚሰለቸው ማለቅለቁ ላይ ነው፣ አረፋ እስኪጠፋ በውሃ ጎማ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ ሶስቴም አራቴም ቢሆን። ነጠብጣቡ ትንሽ ምልክት ሊተው ይችላል፣ ሻጋታው ታጥቦ ከወጣ ምልክቱ አይጎዳህም።

የሊሙ_ልጅ፦
ወንድሜ ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ላስቲኩ ላይ ነው ልቤ የቀረው። እኔ ቡና ማዘጋጃ ነው ምሰራው፣ ያልደረቀ ቡና በላስቲክ ሸፍነህ ብታሳድር ጠዋት ምን እንደምታገኝ ጅማ ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ ይሞቃል ያልበዋል ከዛ ይሻግታል። እኛ ጀንፈል ቡና፣ ከነቅርፊቱ ሚደርቀውን ማለቴ ነው፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ ምናሰጣው ከስርም ከላይም ንፋስ እንዲያገኘው ነው፣ እርጥበቱ ወደ 11 ወይ 12 በመቶ ሳይወርድ ጎተራ አናስገባም። ያንተም ጣራ ያው ነው፣ ቀን የጠጣውን ውሃ ማታ ላስቲክ ስር ታፍነዋለህ፣ የጅማ ሌሊት ደሞ በክረምት ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሚሻለው ከላይ ቆርቆሮ ያለው ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ስር ማቆም ነው፣ ያ ከሌለ አየር ሚያስገባ የጨርቅ ሽፋን፣ እሱም ከሌለ ሳይሸፈን ቢያድር ይሻላል። ቆሞ ሲውል መስኮቱን ጣት ያህል ክፈትለት። እርጥብ ሆኖ ደሞ በፍፁም እንዳታጥፈው፣ እጥፋቱ ውስጥ ነው መጀመሪያ ሚጀምረው።
ዛፍ ስርም አታቁማት። የአቮካዶ ቅጠልና የወፍ ኩስ ተጣብቆ ይቀራል፣ ኩሱ ከደረቀ አትፋቀው እርጥብ ጨርቅ አስቀምጥበትና ሲለሰልስ አንሳው።

ድሬ_ከዚራ፦
እኔ ድሬዳዋ ነኝ፣ የኛ ችግር ዝናብ ሳይሆን ፀሐይና አቧራ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይጎዳም ብለህ እንዳታስብ፣ ከባህር በላይ 1000 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር የፀሐዩ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ጅማ ደሞ ከ1700 ሜትር በላይ ናት፣ ከኛ ትበልጣለች። ክረምት ላይ ደመናው ይከልልሃል፣ በጋ ሲገባ ግን ጥቁር ሸራ ወደ ቡናማ ሚሄደው በሱ ነው።
ስለዚ ካጠብክ በኋላ ቅቡን መመለስ አለብህ፣ አለበለዚያ በሁለት ወር እዚሁ ትመለሳለህ። ለድንኳንና ለውጪ ወንበር ጨርቅ ሚሆን ውሃ መመለሻ ስፕሬይ አለ፣ ስኮችጋርድ ምናምን ሚባለው አይነት፣ ለውጪ ጨርቅ የተሰራ መሆኑን ቆርቆሮው ላይ አንብብ፣ ፀሐይ ይከላከላል ሚል ካለው ደሞ እሱን ውሰድ። የጎማ ማብሪያና የዳሽቦርድ ቅባት ግን አይሆንም፣ ጨርቅ ላይ ይጣበቃል። ጣራው እስከ ስፌቱ ድረስ ድርቅ ማለት አለበት፣ መስታወቱንና ቀለሙን በጋዜጣ ሸፍን፣ ጥላ ስር ስስ አድርገህ ርጭ፣ ሲደርቅ አንዴ ድገመው፣ ከዛ አንድ ቀን ሙሉ ዝናብ እንዳያገኘው።

ቦሳ_ቂጦ፦
ገለቶማ ሁላችሁም፣ ከልቤ ነው። ላስቲኩን ዛሬውኑ አነሳሁት። ጎረቤታችን ቆርቆሮ ዳስ ስር ፈቅዶልኛል። የኋላው ላስቲክ መስኮት ግን ደብዝዟል፣ እሱንም በአቼቶ ልጥረገው?

ጊንጆ_ሰፈር፦
አይ ልጄ እሱን በሳሙና ውሃ ብቻ። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስስበት አሸዋው ይውረድ፣ በደረቅ ጨርቅ ከጠረግከው ትቧጭረዋለህ። አልኮልና የመስታወት ማፅጃም ያደበዝዘዋል። ጠዋት ብርዱ ላይ አትጠቅልለው ይሰነጠቃል፣ ስትጠቀልለውም መሀሉ ላይ ለስላሳ ፎጣ ጣልበት።

ቦሳ_ቂጦ፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ምፅፈው። እንዳላችሁኝ አጠብኩት፣ አረፋው እስኪጠፋ አምስቴ አለቀለቅኩት፣ ዳሱ ስር ለመድረቅ ሶስት ቀን ፈጀበት። ስፕሬዩን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ላከልኝ ሁለቴ ረጨሁት። ትናንት ከሰቃ ስመለስ ያ የምታውቁት ዝናብ ያዘኝ፣ ወርጄ አየሁት ውሃው እንደ ድሮው ክብ ክብ እየሆነ ይወርዳል። ሽታው ጠፍቷል፣ እሁድ እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር መስኮት ተከፍቶ አላሳላትም። በግራ በኩል ከበሩ በላይ ካለው ስፌት ብቻ ጠብ ይላል፣ ለሱ ምን ልግዛ?

ጊንጆ_ሰፈር፦
እሰይ ልጄ ደስ አለኝ። ለስፌቱ የድንኳን ስፌት መድፈኛ ካገኘህ እሱ ነው ሚሻለው። ካጣህ ንፁህ የንብ ሰም መርካቶ ማር ከሚሸጡት ጋ ታገኛለህ፣ በእጅህ አሙቀህ በውስጥ በኩል ክሩ ላይ ብቻ ደጋግመህ እሸው፣ ጨርቁን አታስነካው። ክሩ የላላ ከሆነ ግን ሰም አይይዘውም፣ ወንበር ሚሰፉት ጋ ውሰደውና በናይለን ክር በዛው በድሮው ቀዳዳ እንዲመልሱልህ ንገራቸው፣ አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሱ ቆመህ እይ።