ጎልፍ ሜዳ ላይ አምስት ሰዓት የሚያቆመን ማን ነው? ግሪን ላይ የሚንቀረፈፈው ተጫዋች ወይስ የሜዳው አስተዳደር?

የማለዳ ተጫዋች፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ 18ቱን ጉድጓድ ለመጨረስ አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አራት ሰው በእግሩ እየሄደም ቢሆን አራት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ተኩል ሊበቃው የሚገባ ጨዋታ ነው። ጫካ ውስጥ ኳስ ስንፈልግ የጠፋ ጊዜ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ጊዜያችንን የበላው ግሪኑ፣ ጉድጓዱ ያለበት ሣሩ ያጠረ ቦታ ነው።

ፊታችን ከነበሩት የአንዱ ኳስ ከጉድጓዱ ሁለት ጫማ ርቀት ላይ ቆማለች። ሰውየው ቦታዋን ለማመልከት ሳንቲም አስቀመጠ። ኳሷን አነሳ፣ ጠረገ፣ ላይዋ ላይ ያሰመራትን መስመር ወደ ጉድጓዱ አነጣጠረ። ቁጢጥ ብሎ አየ። ተነሳ። አልጣመውም፣ እንደገና አስተካከለ። ከዚያ ዞሮ ከማዶ በኩል አየ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሦስቱ ጓደኞቹ ፓተራቸውን (ግሪን ላይ የሚመቱበትን ዱላ) ተደግፈው ቆመዋል። አንዳቸውም የራሳቸው ኳስ የምትሄድበትን መስመር አላዩም። እሱ ሲጨርስ ቀጣዩ ያንኑ ከሀ ብሎ ጀመረ።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። አራት ሰው ሁለት ሁለት ፓት (ግሪን ላይ ወደ ጉድጓዱ የሚመታ ምት) ቢመታ ስምንት ምት ነው። ለእያንዳንዱ 40 ሰከንድ ከሄደ አምስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። ሰው ግን ሌላው ሲመታ የራሱን መስመር አይቶ ቢጠብቅ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ይህ ሁለት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ በ18 ጉድጓድ 48 ደቂቃ ይመጣል።

ሕጉም ይደግፈኛል። የጎልፍ ሕግ አውጪዎቹ አር ኤንድ ኤ እና ዩ ኤስ ጂ ኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉን ሲያድሱ፣ ከግሪን ላይ የተመታ ኳስ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ባንዲራ ቢነካ ቅጣቱን አንስተውታል። ድሮ በምት ቆጠራ ጨዋታ ሁለት ምት ያስቀጣ ነበር። የሩቁ ሰው ካልተዘጋጀ ደግሞ የተዘጋጀው ይምታ ብለው በግልጽ አበረታተዋል። የኔ ጥያቄ፣ የሕዝብ ሜዳዎች ይህንን ምክር ብቻ አድርገው አይተዉት ነው። የሜዳው ደንብ ይሁን። ባንዲራው አይነሳ፣ የተዘጋጀ ይምታ፣ አጭር ፓት የቀረው ሳንቲም ሳያስቀምጥ ይጨርስ። ምን ትላላችሁ?

ከቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ አልስማማም። አምስት ሰዓት ተኩል ያቆመህ ያ ሰውዬ አይደለም። ብር ለመሰብሰብ ሰው በሰው ላይ የሚለቅ አስተዳደር ነው።

በ8 ደቂቃ ልዩነት ቡድን የሚለቁ ሜዳዎች አሉ። ፓር 4 ላይ፣ ማለትም በአራት ምት ይጨረሳል በሚባለው ጉድጓድ፣ አንዱ ቡድን ግሪን ላይ እያለ ሌላው ፌርዌይ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው ሜዳ) ላይ መሆን ይችላል። ፓር 3 ላይ ግን አይቻልም። የፊተኞቹ ግሪኑን ለቀው ካልወጡ የኋለኞቹ አይመቱም። አንድ ቡድን ፓር 3ን ለመጨረስ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በየ8 ደቂቃው ከለቀቅክ እያንዳንዱ ቡድን ከፊቱ ካለው ሁለት ደቂቃ አስበልጦ ይጠብቃል። አሥረኛው ቡድን እዚያች ቲ (የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቦታ) ላይ 18 ደቂቃ ይገተራል። ይህ የሚሆነው ማንም ሳይንቀረፈፍ ነው!

ስለዚህ 48 ደቂቃህ ወረቀት ላይ ያምራል። ፊትህ ያለው ካልተንቀሳቀሰ ግሪኑን በሁለት ደቂቃ ብትለቅም ሄደህ የምትቆመው ቀጣዩ ቲ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ግሪኑን የሚያከብዱብን እነሱ ናቸው። የግሪን ፍጥነት የሚለካው በስቲምፕሜትር ነው። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ጎልፈኛ እ.ኤ.አ. በ1935 ኦክሞንት በተባለ ሜዳ ላይ የተደረገውን የዩ ኤስ ኦፕን ውድድር ካየ በኋላ የፈለሰፈው መሣሪያ ነው። ከዘንበል ያለ አሸንዳ ላይ የተለቀቀች ኳስ ስንት ጫማ እንደተንከባለለች ይታያል። እኛን ለመሰለ የቅዳሜና እሑድ ተጫዋች 9 ጫማ ከበቂ በላይ ነው። እነሱ ግን በቴሌቪዥን ያዩትን ለመምሰል ሣሩን ይላጩታል፣ ጉድጓዱን ተዳፋት ላይ ይቆፍራሉ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ፓት አልፋ ስድስት ጫማ ወርዳ ትቆማለች። ሦስት ፓት፣ አራት ፓት። ከዚያ ተጫዋቹን ቀርፋፋ ብለን እንሰድባለን።

የድሮ ተጫዋች፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ግን ግሪኑን ልከላከልለት። 250 ያርድ የሄደችውም ምት አንድ ናት፣ ሁለት ጫማዋም አንድ ናት። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌሊት ተነስቶ መጥቶ፣ ለሁለቱ እኩል ቢጠነቀቅ ምኑ ያስነውራል?

ኳስን ምልክት አድርጎ ማንሳትም እንዲሁ የመጣ መብት አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1952 ድረስ በግጥሚያ ጨዋታ የባላጋራህ ኳስ መንገድህ ላይ ከቆመች አትነሳልህም ነበር። ወይ በጎኗ ታዞራለህ ወይ በላይዋ ታዘልላለህ። ኳሷን ግሪን ላይ አንስቶ መጥረግ ለሁሉም የተፈቀደው ደግሞ በ1960 ነው። አሁን በሜዳ ደንብ ልትነጥቁን ነው?

ባንዲራውንም የግድ ይቁም አትበሉ። ነፋስ ሲኖር ወደ እናንተ ያዘነብላል፣ ኳስ ይመልሳል። ሕጉ እንዲቆምም እንዲነሳም ፈቅዷል፣ ምርጫው የመቺው ነው። ጊዜ የሚገድለው ባንዲራው ሳይሆን አለመነጋገሩ ነው። አንዱ ይነሳ፣ አንዱ ይመለስ ሲል በየግሪኑ አራት ጊዜ ይወጣል ይገባል። መጀመሪያ ቲ ላይ መስማማት ይበቃል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሮጠው መጥተው፣ ሮጠው መትተው፣ ኳሳቸው ወድቃ የቦረቦረችውን ሳይደፍኑ የሚሄዱ። የ2019ኙ ሕግ የጫማ ምልክትን ሳይቀር እንድናስተካክል ፈቅዶልናል። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው ኳሱ በዚያች ቁስል ላይ ስትዘል ይቆያል፣ ይደፍናል፣ መስመሩን እንደ አዲስ ያያል። የእናንተ ጥድፊያ የእሱ መዘግየት ሆነ ማለት ነው።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ፣ ስለ መድፈኑ የተናገሩት እውነት ነው። እኔም ልናገር። መጫወት የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ነው። ሜዳ በወጣሁ ቁጥር ከሁሉም በፊት «ፍጠኚ» የምባለው እኔ ነኝ። ባለቤቴም እንደኔው ጀማሪ ነው፣ እሱን ማንም አይለውም። ግሪን ላይ ግን ከኛ ጋር የሚመደቡት የሰለጠኑ የሚባሉት ወንዶች ከኔ ይዘገያሉ። እኔ መስመር ማንበቡንም ገና አልቻልኩበት፣ አይና እመታለሁ።

መፍጠን እፈልጋለሁ። ግን እንዴት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቦርሳዬን ከግሪኑ ፊት ለፊት ጥዬ እገባ ነበር። ስጨርስ ለማምጣት ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ከኋላ ያሉት ቆመው ያዩኛል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናት ቦርሳሽን ከቀጣዩ ቲ አጠገብ አድርጊ፣ ውጤቱንም እዚያው ቲ ላይ ጻፊ ያለችኝ። ሌሎቹ በቁጣ ያልሰጡኝን በደግነት ሰጠችኝ።

ሌላው የረዳኝ በ2019 ሕጉ ውስጥ የገባው የምት ጣሪያ የሚባለው አጨዋወት ነው። ጣሪያው የፓሩ እጥፍ ነው ከተባለ፣ ፓር 4 ላይ ስምንት ከደረስኩ ኳሴን አነሳለሁ፣ ስምንት እጽፋለሁ፣ አለቀ። ዘጠነኛና አሥረኛ ምቴን ሰው እየጠበቀኝ ከምንቀጠቀጥ ይሻለኛል። ለምን የሕዝብ ሜዳዎች ውጤት መጻፊያው ካርድ ላይ አያትሙትም?

ከዱባይ፦

እህቴ ያለችው የቦርሳ ነገር ለካርትም (ለሜዳዋ ትንሽ መኪና) ይሠራል። እዚህ በሙቀቱ ምክንያት አብዛኛው ሰው በካርት ነው የሚጫወተው። ካርቱን ከግሪኑ ኋላ፣ ወደ ቀጣዩ ቲ በሚወስደው በኩል ማቆም ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ሕግ ወዳዱ፦

ሁላችሁም የዘለላችሁትን ላንሳ። ይህን ሥርዓት ከየት ተማርነው? ከቴሌቪዥን። በ2019 ኖርዘርን ትረስት ውድድር ላይ ብራይሰን ዴሻምቦ የተባለው ፕሮፌሽናል ለስምንት ጫማ ፓት ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆመ። ዓለም ሁሉ ቪዲዮውን ተቀባበለው። የምት ቅጣት አልደረሰበትም። በ2013 ማስተርስ ውድድር ላይ ግን ጓን ቲያንላንግ የሚባል የ14 ዓመት ቻይናዊ ልጅ በመዘግየት አንድ ምት ተቀጣ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ ቅጣቱንም በጨዋነት ተቀብሎ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አለፈ። የሚያመኝ ሕጉ በሕፃን ላይ ጠንክሮ በትልልቆቹ ላይ መላላቱ ነው። የአሜሪካ ወንድ ፕሮፌሽናሎችን ውድድሮች የሚያካሂደው ፒ ጂ ኤ ቱር በ2017 ዙሪክ ክላሲክ ላይ ለአዝጋሚ ጨዋታ አንድ ምት ሲቀጣ ከ1995 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሴቶቹ የተሻለ ሠርተዋል። የሴት ፕሮፌሽናሎች ማኅበር ኤል ፒ ጂ ኤ በ2025 ያወጣው ደንብ ግልጽ ነው። ከተሰጠህ ጊዜ እስከ 5 ሰከንድ ካለፍክ ገንዘብ ትቀጣለህ። ከ6 እስከ 15 ሰከንድ አንድ ምት፣ ከ16 ጀምሮ ሁለት ምት። ከዚያ በፊትም ቢሆን አይምሩም ነበር። በ2023 ኤቪያን ውድድር ላይ ካርሎታ ሲጋንዳ የተባለች ተጫዋች በመዘግየት የተጣለባትን የሁለት ምት ቅጣት ሳትጨምር ውጤቷን ፈርማ ስላስገባች ከውድድሩ ተሰርዛለች።

የሕግ መጽሐፉ ደንብ 5.6 አንድን ምት በ40 ሰከንድ ውስጥ ምቱ ይላል፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ባነሰ መምታት ይችላል ብሎ ይጨምራል። ይህ ግን ምክር ነው። ያለ ቅጣት ምክር የሚሰማ የለም። እግሩን አንፈርክኮ መስመሩ ላይ እየቆመ ተዳፋቱን በእግሩ የሚለካ፣ ጣቱን ዘርግቶ በአንድ ዓይኑ የሚያይ ሰው በየሜዳው በዝቷል። ኤምፖይንት የሚሉት ዘዴ ነው። ፕሮፌሽናሉ ሉካስ ግሎቨር በ2025 መጀመሪያ ላይ ይታገድ ብሎ ነበር። እኔ ይታገድ አልልም። ሌላው ሲመታ አድርገው፣ ተራህ ሲደርስ ምታ ነው የምለው።

የማለዳ ተጫዋች፦

ጋሼ፣ ባንዲራውን መጀመሪያ ቲ ላይ እንስማማበት ያሉትን እቀበላለሁ። እንዲያውም ከኔ ደንብ ይሻላል። የቦረቦሩትን መድፈንም በኔ በኩል ክርክር የለውም። ከጉድጓዱ ሁለት ጫማ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥን ግን አሁንም አልደግፍም። የሰው መስመር ላይ የማይቆም ከሆነ ይጨርስ።

ወደ ቨርጂኒያው ወንድሜ ልመለስ፣ ምክንያቱም ፓር 3 ላይ ያነሳኸው ነገር የክርክሩ እምብርት ነው። ልክ ነህ፣ ሰልፉ የሚፈጠረው እዚያ ነው። እስቲ ያ 10 ደቂቃ ምን ላይ እንደሚጠፋ እንየው። ኳሷ አየር ላይ የምትቆየው ሰከንዶች ነው። እርምጃው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግሪኑ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ደቂቃ ብንቆርጥ 10ሩ ደቂቃ 8 ይሆናል፣ ያ የ18 ደቂቃ ሰልፍ ይጠፋል። ሌላ ግሪን ላይ ብንፈጥን፣ እንዳልከው፣ ቀጣዩ ቲ ላይ ሄደን ነው የምንቆመው። ፓር 3 ላይ ግን የምናድናት እያንዳንዷ ደቂቃ ከኋላችን ላሉት ሁሉ ትደርሳለች። ስለዚህ ጥያቄዬን ላጥበው። ደንቡ ቢያንስ ፓር 3ዎች ላይ ይውጣ።

ከቨርጂኒያ፦

ይሄኛው ሐሳብ ይገባኛል። ፓር 3 ላይ እኔም እተባበራለሁ። ግን የምፈራውን ልንገርህ። እኛ 10ሩን ደቂቃ ወደ 8 ስናወርድላቸው አስተዳደሩ በ7 ደቂቃ መልቀቅ ይጀምራል። ያተረፍንላቸውን ጊዜ ለሌላ ቡድን ይሸጡታል፣ እኛ እዚያው ሰልፍ ላይ ነን። ስለዚህ የሰዓት ልዩነቱ ቦታ ስንይዝ ይጻፍልን። ከ10 ደቂቃ በታች የሚለቅ ሜዳ ይህን ደብቆ ሙሉ ዋጋ መጠየቅ የለበትም። ከተጫዋቹ ዲሲፕሊን ሲጠየቅ ከሜዳውም ይጠየቅ።

የድሮ ተጫዋች፦

ደግ ብላችኋል። አንድ ነገር ልጨምር። ፓር 3 ላይ እኛ ግሪን ከደረስን በኋላ ኳሳችንን ምልክት አድርገን፣ ጥግ ይዘን፣ ከኋላ ያሉትን በእጅ ጠርተን እንዲመቱ እናደርግ ነበር። እነሱ መትተው ሲመጡ እኛ ፓታችንን እንጨርሳለን። እርምጃቸውና ፓታችን በአንድ ጊዜ ያልቃል። ይህ ልማድ ለምን እንደቀረ አላውቅም። መመለስ አለበት።

ሕግ ወዳዱ፦

ጋሼ ያሉትን ማርሻሉ (የሜዳው ተቆጣጣሪ) ማስተባበር ይችላል። ለሕዝብ ሜዳ የምት ቅጣት አይሠራም፣ ያንን አውቃለሁ። ማን ይቆጥራል? ማርሻሉ ግን በካርት ዞሮ ሰላም ብሎ ከማለፍ ፓር 3 ላይ ይቁም። አንድ ሰው አንድ ቦታ።

የማለዳ ተጫዋች፦

እንግዲያው ለካውንቲው ደብዳቤ እንጻፍ። በአካባቢያችን ያሉትን የሕዝብ ሜዳዎች የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ ጥያቄው የሚገባው እዚያ ነው። የሰዓቱ ልዩነት ይገለጽ፣ ማርሻሉ ፓር 3 ላይ ይቁም፣ ከኋላ ያሉትን መጥራት ይለመድ። ረቂቁን እኔ አዘጋጃለሁ፣ እስከ ሐሙስ እልክላችኋለሁ። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

ጀማሪዋ፦

እኔ የምጨምረው አለኝ። በየግሪኑ ዳር ቦርሳና ካርት የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ትንሽ ምልክት ይተከል፣ ወደ ቀጣዩ ቲ ከሚጠቁም ቀስት ጋር። የምት ጣሪያውም ካርዱ ላይ ይታተም። ስሜንም ከፈራሚዎቹ ጋር አስገቡልኝ።

ከቨርጂኒያ፦

የሷ ነጥብ መጀመሪያ ላይ ይግባ። 10 ደቂቃዋን ካላስገባህ ግን አልፈርምም።